ከእንሰት ጓሮ እስከ ሙዝ ማሳ፦ የጋሞ ዞን ግብርና ከተለዋዋጭ የአየር ንብረት ጋር የሚላመድበት መንገድ

መግቢያ

የጋሞ ዞን አርሶ አደር በአንድ የምርት ዘመን ሁለት ተቃራኒ ጉዳቶች ሊደርሱበት ይችላሉ። በበልግ መግቢያ ዝናቡ ሲዘገይ የተዘራው ዘር በደረቅ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዛት ወርዶ የተዳፋቱን ለም አፈር ጠርጎ ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች ያወርደዋል። በዓመቱ መጨረሻ የተመዘገበው አጠቃላይ የዝናብ መጠን ከአማካዩ ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ የቤተሰቡ ጎተራ ግን ባዶ ነው። ስለዚህም የአየር ንብረት ለውጥ በግብርና ላይ የሚያደርሰው ጫና በዓመታዊ አማካይ ብቻ ሲለካ እውነተኛ መልኩ ይሰወራል።

በዘርፉ ጥናቶች “የመቋቋም አቅም” የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው ጉዳትን ሳይፈርሱ መሸከም፣ ሁለተኛው አሠራርን ከአዲሱ ሁኔታ ጋር ማስተካከል፣ ሦስተኛው ነባሩ አሠራር ከዚያ ወዲያ የማያዋጣ ሲሆን ሥርዓቱን ራሱን መለወጥ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ዛሬ ገቢን የሚያሳድግ አዲስ ሰብል ነገ ቤተሰቡን ከድርቅ የሚያሻግረውን ነባር ሰብል ከጓሮ ሊያስወጣ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በጋሞ ዞን የሚታዩ ዋና ዋና የመላመድ መንገዶችን፣ ማለትም እንሰትን፣ ድንችን፣ አፕልን፣ በመስኖ የሚለማ ሙዝን እና የተፋሰስ ልማትን፣ አንድ በአንድ ይመረምራል። ማዕከላዊ ነጥቡም አንድ ፈጠራ ምርትን ስለጨመረ ብቻ የመቋቋም አቅምን ጨምሯል ማለት እንደማይቻል ነው። ፈጠራው ስጋቱን ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው፣ ከላይኛው ተፋሰስ ወደ ታችኛው፣ ወይም ከአንዱ የቤተሰብ አባል ወደ ሌላው አሻግሮት ሊሆን ይችላልና።

የአንድ ተዳፋት ልዩ ልዩ ገጽታዎች

ጋሞን ለዚህ ጥናት ተመራጭ የሚያደርገው የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ነው። የጫሞ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ የአባያ ሐይቅ ከእርሱ በ60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ዳገት የወጣ መንገደኛ ጨንቻ ሲደርስ ከ2,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ይቆማል። የጉጌ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከዚህም ከፍ ይላል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ በተርታ ይገኛሉ። በታችኛው ክፍል ሙዝ፣ ማንጎ፣ በቆሎና ሀለኮ፣ በመካከለኛው እንሰት፣ ጎደሬና ጥራጥሬ፣ በላይኛው ደግሞ ገብስ፣ ስንዴ፣ ድንች፣ አፕልና ቀርከሃ ይለማሉ።

በከፍታና በሙቀት መካከል ያለው ግንኙነት ለትንተና ምቹ መነሻ ይሰጣል። በአማካይ ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደጨመረ ተመዝግቧል። ይህን ጭማሪ በከፍታ ቋንቋ ብንተረጉመው የየሰብሉ የሙቀት ክልል 200 ሜትር ያህል ወደ ላይ ተገፍቷል ማለት ይሆናል። ለሜዳማ አገር ይህ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ሊሆን ይችላል፤ ለጋሞ ገበሬ ግን ከጎረቤት ቀበሌ የሚርቅ አይደለም።

ይህ ቅርበት ዕድልም ስጋትም ይዟል። ዕድሉ፣ ለነገው ሙቀት የሚስማማው ዘርና ዕውቀት ዛሬ ከተዳፋቱ ዝቅ ብሎ በሚኖረው ዘመድ ወይም በገበያ ደንበኛ እጅ መገኘቱ ነው። በአካባቢው በጋብቻ፣ በዝምድናና በሳምንታዊ ገበያ አማካይነት የሚካሄደው የዘር ልውውጥ ለመላመድ የሚያገለግል ነባር መሠረተ ልማት ነው። ስጋቱ ደግሞ ከላይ ባለው የተፈጥሮ ገደብ ላይ ነው፤ ተራራው ወደ ላይ ሲወጣ ይጠባል። የቆላው ሰብል ወደ ወይና ደጋ፣ የወይና ደጋው ወደ ደጋ ሊሸጋገር ቢችልም የደጋው ገብስ የሚሸሽበት መሬት ውሎ አድሮ ያልቃል። ከዚህም ጋር ነፍሳት፣ የሰብል በሽታዎችና ወባ አማጪ ትንኞች አብረው ይወጣሉ።

የዝናቡ ነገር

አብዛኛው የጋሞ ዞን ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት። አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘልቀው በልግ ሲሆን ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሚመጣው የክረምትና የመኸር ዝናብ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የበልግ ዝናብ እንደ ተጨማሪ የሚታይ ቢሆንም በደቡብ ግን በቆሎ የሚዘራበት፣ ስኳር ድንች የሚተከልበትና የእንስሳት መኖ የሚያገግምበት ዋና ወቅት ነው።

የወደፊቱን በልግ መተንበይ አዳጋች ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ሲቀንስ ተስተውሏል፤ አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን ለዚሁ ወቅት የዝናብ መጨመርን ይተነብያሉ። ተመራማሪዎች ይህን “የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ተቃርኖ” ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉባቸው መሆኑ ተቃርኖውን ይበልጥ አጉልቶታል።

ከዚህ ለዕቅድ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። “ወደፊት ዝናብ ይቀንሳል” ወይም “ይጨምራል” በሚል አንድ ትንበያ ላይ ብቻ የተመሠረተ የመላመድ ስልት ቁማር ይሆናል። የሚፈለገው በሁለቱም አቅጣጫ የማይከስር እርምጃ ነው። በእርከን የተጠበቀና በፍግ የዳበረ አፈር በድርቅ ዓመት ርጥበትን ይይዛል፣ በጎርፍ ዓመት ከመታጠብ ይድናል። በአንጻሩ ለድርቅ ብቻ የተመረጠ ዝርያ በርጥብ ዓመት ለበሽታ ሊጋለጥ ይችላል።

የዝናብ መብዛት የሚያስከትለው አደጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአጎራባቹ ጎፋ ዞን ታይቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሟቾቹ መካከል ቀድመው የተቀበሩትን ለማዳን የተረባረቡ ጎረቤቶች ይገኙበታል። ስለዚህ በተራራማው ደቡብ የአፈርና የተዳፋት ጉዳይ ከምርት ጥያቄነት አልፎ የሕይወት ጥያቄ ነው።

እንሰት፦ በጓሮ የቆመ ጎተራ

እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የምግብ መሠረት እንደሆነ ይገመታል። በጋሞ በአሥር የሚቆጠሩ፣ የየራሳቸው ስምና ጠባይ ያላቸው የእንሰት ዓይነቶች ይታወቃሉ። አንዳንዱ ለቆጮ፣ አንዳንዱ ተቀቅሎ ለሚበላው አምቾ፣ ሌላው ለቃጫ ይመረጣል። አንድ ቤተሰብ በጓሮው የተለያየ ዓይነትና ዕድሜ ያላቸውን ተክሎች አሰባጥሮ የሚያለማው ስጋትን ለመከፋፈል ነው።

የእንሰት የመቋቋም አቅም ምስጢር በሦስት ባሕርያቱ ሊገለጽ ይችላል። በመጀመሪያ፣ ተክሉ ውኃንና ስታርችን በሐሰተኛ ግንዱና በሥሩ አምቾ ውስጥ ስለሚያከማች ከተተከለ በኋላ አጫጭር የዝናብ መቆራረጦችን ያልፋል። በቆሎ በሚያብብባቸው ጥቂት ሳምንታት ውኃ ካጣ ምርቱ ክፉኛ ይጎዳል፤ እንሰት ግን እንዲህ ያለ አንድ ወሳኝ ሳምንት የለውም። ሁለተኛ፣ የመከር ጊዜው ተለዋዋጭ ነው። ተክሉ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ቢወስድም በችግር ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በጥጋብ ጊዜ ዘግይቶ ሊቆረጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል የአንዱን ዓመት ምርት ለሌላው ዓመት ያሻግራል።

እ.ኤ.አ. በ2022 “ኢንቫይሮመንታል ሪሰርች ሌተርስ” በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት እንሰት ዛሬ ከሚለማበት ክልል እጅግ በሰፋ አካባቢ ሊበቅል እንደሚችልና ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሕዝብ የመመገብ ዕድል እንዳለው በሞዴል አሳይቷል። ይህ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም እንሰት በትውልድ ስፍራው የገጠሙትን ችግሮች መዘንጋት አይገባም።

የመጀመሪያው ችግር ፍግ ነው። እንሰት ከቤት አጠገብ የሚለማው ከበረቱ የሚወጣውን ፍግ ለማግኘት ነው። የግጦሽ መሬት ለእርሻ እየተቆረሰ የከብቱ ቁጥር ሲቀንስ ጓሮው ይራባል፤ የተራበ ጓሮ ደግሞ ቀጭን እንሰት ያበቅላል። ሁለተኛው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ በእንሰት ላይ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸ ሲሆን፣ በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ መታየቱ ተዘግቧል። በተበከለ ቢላዋ፣ በታመመ ችግኝና የታመመ ቅጠል በበሉ እንስሳት ይተላለፋል። ማዚያን የመሰሉ በሽታውን በተሻለ የሚታገሡ ዓይነቶች ቢታወቁም ዋናው መከላከያ እስካሁን የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ መሣሪያን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳትና ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያደርገው ጎረቤቱ ካላደረገው ውጤት የለውም። በዚህም የተነሣ የበሽታው ቁጥጥር ቴክኒካዊ ብቻ ሳይሆን የጋራ ስምምነት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ችግር ጉልበት ነው። እንሰትን መፋቅ፣ መጭመቅና ማብላላት በባህሉ የሴቶች ሥራ ነው። በቀርከሃ መፋቂያ ለሰዓታት ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ይህ ሥራ አድካሚ ከመሆኑም በላይ የምርት ብክነት አለበት። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሻሻሉ የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችን እንዲሁም የማብላያ እርሾ አዘጋጅተው ለተጠቃሚዎች ማስተዋወቃቸው ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባል። የሴቶችን ድካም የማያቃልል የእንሰት ማስፋፊያ ዕቅድ የአየር ንብረት ለውጥን ዕዳ በሴቶች ጀርባ ላይ ይጭናል።

ድንችና አፕል፦ የደጋው አዳዲስ አማራጮች

ድንች በጨንቻና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች ትልቅ ለውጥ ካመጡ ሰብሎች አንዱ ነው። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ቪታ የተባለው የአየርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ከምርምርና ከግብርና ተቋማት ጋር በመተባበር በጨንቻ አስተዋውቋል። ከዝርያዎቹ ጋር የቀረበው ብርሃን የሚያስገባ የዘር ድንች ማከማቻ ለውጡን እንደ ዝርያው ሁሉ አግዟል። በጨለማ የተቀመጠ ዘር ድንች ረጃጅምና ደካማ ቡቃያ ያወጣል፤ ብርሃን ያገኘው ግን አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ ቡቃያ ይዞ ለመትከል ይደርሳል። በእንጨትና በቀርከሃ የሚሠራ ቀላል ጎተራ አርሶ አደሩን በየወቅቱ ዘር ከመግዛት ያድነዋል።

ድንች በሦስትና በአራት ወራት ስለሚደርስ የእህል ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት ለቤተሰቡ ይደርስለታል። ይሁንና እንሰት ያለው የመቆየት ባሕርይ የለውም። ሌት ብላይት የተሰኘው የድንች በሽታ ቀዝቃዛና ርጥብ በሆነ ሁኔታ ማሳን በአጭር ጊዜ ያወድማል፤ ተቋቋሚ የተባለ ዝርያም በዓመታት ውስጥ ተቋቋሚነቱን ሊያጣ ይችላል። በዘር ውስጥ ተደብቆ የሚተላለፈው የድንች ባክቴሪያ አጠውልግ ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ይበልጥ ይበረታል። በመሆኑም ድንች የእንሰት ተተኪ ሳይሆን አጋዥ ሆኖ ሲታቀድ ብቻ የቤተሰቡን አቅም ያጠናክራል፤ ድንቹ ፈጥኖ ሲደርስ እንሰቱ ያለ ዕድሜው ከመቆረጥ ይድናልና።

የጨንቻ አፕል ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ፍሬው በሚስዮናውያን አማካይነት ወደ አካባቢው ገብቶ፣ በኋላም በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ተስፋፍቶ ጨንቻን በመላ አገሪቱ የአፕል ችግኝ መገኛ አድርጓታል። አፕል ግን ቅዝቃዜን የሚሻ ተክል ነው። ቡቃያው ከእንቅልፉ ነቅቶ በአንድነት እንዲያብብ በቂ የቅዝቃዜ ሰዓት ሊያገኝ ይገባል። በእስራኤል የተዳቀለው “አና” እና ከባሃማስ የተገኘው “ዶርሴት ጎልደን” ጥቂት ቅዝቃዜ የሚበቃቸው በመሆናቸው ለሞቃት አካባቢ ደጋዎች ተመራጭ ሆነዋል። አንዱ የሌላውን አበባ ስለሚያዳቅልም አብረው ይተከላሉ። በሞቃት አካባቢዎች ቅጠልን በእጅ በማርገፍ ዛፉን እንዲያብብ ማነሣሣት የተለመደ ዘዴ ነው።

ነጥቡ የጊዜ ነው። ገብስ የሚዘራ ገበሬ ውሳኔውን በየዓመቱ ሊለውጥ ይችላል፤ አፕል የሚተክል ግን ከሁለት አሥርት ዓመታት ላላነሰ የአየር ንብረት ይወስናል። የሌሊት ሙቀት እየጨመረ ከሄደ ዛሬ በ2,400 ሜትር ላይ በወጉ የሚያፈራ ዛፍ ከ15 ዓመት በኋላ አበባው ሊዘበራረቅ ይችላል። ስለዚህ ችግኝ የሚያከፋፍል ተቋም ዝርያንና ከፍታን በዛሬው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ዛፉ በሚኖርበት ዘመን ሙቀት ሊመዝን ይገባዋል።

ሙዝና መስኖ፦ የቆላው ሀብትና ስጋቱ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያለው ሜዳ ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ገበያ ከሚቀርበው ሙዝ ትልቁን ድርሻ ያመርታል። ቀድሞ ጥጥና በቆሎ ይለማባቸው የነበሩ ማሳዎች በመስኖ ታግዘው ወደ ሙዝ ተለውጠዋል። ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሰበሰብ ለአርሶ አደሩ ቋሚ ገቢ ያስገኛል፤ በዚህ ረገድ ከዝናብ ጥገኝነት ለመውጣት ከተሳኩ ጥረቶች መካከል ይቆጠራል።

ይሁንና ዝናብ ከሰማይ ባይጠበቅም ከተራራው ይጠበቃል። የጨንቻን ደጋ የሚያጠጣው ዝናብ በሐሬ ወንዝ በኩል ወርዶ የጫኖ ሚሌን፣ የጫኖ ጫልባንና የጫኖ ዶርጋን ማሳዎች አልፎ ወደ አባያ ይገባል፤ ኩልፎ ደግሞ ወደ ጫሞ ይፈስሳል። በበጋ የወንዙ ውኃ ሲያንስ ከላይ ያለው ቦይ የወሰደው ለታችኛው አይደርስም። የሙዝ ማሳ በተስፋፋ ቁጥር የውኃ ፍላጎቱ በደረቁ ወራት፣ ማለትም ወንዙ በሚቀንስባቸው ወራት፣ ይጨምራል።

እዚህ ላይ በመስኖ ጥናት የታወቀ አንድ ወጥመድ አለ። ቦይን በሲሚንቶ መገንባት ወይም የተሻለ የማጠጫ ዘዴ መጠቀም የውኃ ብክነትን ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። የተረፈው ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ማሳ ለማልማት ስለሚውል በወንዙ ውስጥ የሚቀረው ውኃ አይጨምርም፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ቴክኖሎጂው ውኃን የሚያድነው የውኃ ድርሻንና የማሳ ስፋትን የሚወስን የተጠቃሚዎች ማኅበር በእርግጥ ሲሠራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስጋት የተክሉ ተመሳሳይነት ነው። በአካባቢው የሚለማው ሙዝ በአብዛኛው የካቨንዲሽ ዝርያ ሲሆን የሚባዛውም በቡቃያ ነው፤ ማሳው በዘረ መል ረገድ ከሞላ ጎደል የአንድ ተክል ቅጂ ነው። ካቨንዲሽን የሚያጠቃው አዲሱ የፉዛሪየም አጠውልግ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 በሞዛምቢክ መገኘቱ ለአህጉሩ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። ከዚህም በላይ እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ሙዝንም ያጠቃል። የደጋውን እንሰትና የቆላውን ሙዝ አንድ በሽታ፣ አንድ መንገድና አንድ ገበያ ያገናኛቸዋል። ስለሆነም የሁለቱን የበሽታ ቁጥጥር ነጣጥሎ ማቀድ ከሥነ ሕይወቱ ጋር አይጣጣምም።

መስኖ ለማይደርሰው ቆላ ያሉት አማራጮች ሌሎች ናቸው። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎ ዝርያዎች ዝናቡ ከመቋረጡ በፊት ምርት ይሰጣሉ። ካሳቫ ደረቅ ወራትን በመሬት ውስጥ ሆኖ ያልፋል፤ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እንዲወገድ ግን በአግባቡ ሊዘጋጅ ይገባል። በአማርኛ ሺፈራው፣ በጋሞ ሀለኮ የሚባለው የሞሪንጋ ዛፍ ሌላው አትክልት በደረቀበት ወቅት አረንጓዴ ቅጠል ለገበታ ያቀርባል። ሀለኮ ከውጭ የመጣ ፈጠራ አይደለም፤ የአካባቢው ሰው ለዘመናት በደጁ ሲተክለው የኖረ የመላመድ ስልት ነው።

አፈር፣ ደንና የጋራ ውሳኔ

የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ መልክ ከዙሪያው ተዳፋት ታጥቦ የሚገባውን ደቃቅ ደለል ይዞ በመቆየቱ የመጣ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ልምድ ሩቅ አይደለም። ወደ ደቡብ ሲኬድ የኮንሶ የድንጋይ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደ ሰሜን በወላይታ ዞን የሚገኘው የሁምቦ ፕሮጀክት ደግሞ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከነባር ጉቶዎችና ሥሮች በሚያቆጠቁጡ ዛፎች እንዲያገግም አድርጓል፤ ከካርቦን ሽያጭም ለአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገቢ አስገኝቷል። በሁለቱም ቦታ ውጤቱን ያመጣው ድንጋዩ ወይም ችግኙ ብቻ አይደለም፤ ማን መቼ ይግጣል፣ ማን ይቆርጣል፣ የፈረሰውን እርከን ማን ይጠግናል የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘቱ ነው።

በጋሞ ይህን ዓይነቱን ጥያቄ የማየት ልማድ ያለው ዱቡሻ የተባለው የሕዝብ መሰብሰቢያ አደባባይ ነው። ዱቡሻ ክርክር የሚሰማበት፣ ዕርቅ የሚወርድበትና የጋራ ደንብ የሚታወጅበት ቦታ ነው። የታመመ እንሰት የመቅበር ግዴታን፣ የውኃ ተራንና የግጦሽ ክልልን በዚህ መድረክ መወሰን ለደንቡ በወረቀት ብቻ የማይገኝ ተቀባይነት ይሰጠዋል። በባህሉ መድረክ ድምፃቸው ያነሰ ሴቶች፣ ወጣቶችና የተገለሉ የሙያ ማኅበረሰቦች በውሳኔው እኩል ካልተሳተፉ ግን ደንቡ የጥቂቶችን ጥቅም ብቻ ሊያስጠብቅ ይችላል።

ለቀጣይ ምርምር የሚነሡ ነጥቦች

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2019 ደግሞ ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ አዘጋጅታለች። የእነዚህ ሰነዶች ፍሬ በቀበሌ ደረጃ የሚለካው በምን መስፈርት ነው የሚለው ጥያቄ የተመራማሪውን ትኩረት ይሻል።

አንደኛው ጉዳይ የመለኪያ ነው። ምርት በሄክታር ብቻውን አሳሳች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የበልግ ዝናብ ሲስተጓጎል በአጎራባቹ ወላይታና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ማሳው ለምልሞ ሳለ ሰው የተራበበት “አረንጓዴ ረሃብ” ተከስቶ ነበር። አንድ ቤተሰብ በዓመት ስንት ወር የምግብ እጥረት እንዳለበት፣ በጓሮው ስንት የደረሰ እንሰት እንደቆመና ከጉዳት በኋላ ለማገገም ስንት ወቅት እንደፈጀበት የሚመዘግብ መለኪያ ከምርት አሃዝ የበለጠ ይናገራል።

ሁለተኛው የትንበያ አገልግሎት ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅታዊ ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም በታች የመሆኑን ዕድል ይገልጻል። ገበሬው ግን ዝናቡ መቼ እንደሚገባና ከገባ በኋላ ስንት ቀን ሊቋረጥ እንደሚችል ማወቅ ይፈልጋል። በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ በሚለዋወጥበት አገር ለሁሉም የሚሆን አንድ ትንበያ ጥቅሙ ውስን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአርሶ አደሮች ጋር በየከፍታው የሚይዙት የዝናብ መለኪያ መዝገብ ይህን ክፍተት ለመሙላት ይረዳል።

ሦስተኛው የተፋሰስ ዕይታ ነው። የጨንቻን ድንች የሚያጠና ተመራማሪና የጫኖን ሙዝ የሚያጠና ተመራማሪ የሚጽፉት ስለ አንድ ውኃና ስለ አንድ አፈር ነው። በደጋው የሚሠራ እርከን በቆላው የሚገነባውን ቦይ ዕድሜ ያራዝማል፤ ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ለደጋው ገበሬ የድካሙን ዋጋ የሚመልስበት መንገድ መጠናት አለበት።

ማጠቃለያ

የጋሞ ዞን ግብርና ለአየር ንብረት ለውጥ ባዶ እጁን አልቆመም። ተለዋዋጭ የመከር ጊዜ ያለው እንሰት፣ ፈጥኖ የሚደርስ ድንች፣ ቋሚ ገቢ የሚያስገኝ ሙዝ፣ ድርቅ የማይበግረው ሀለኮና ለጋራ ውሳኔ የሚያገለግል ዱቡሻ በአንድ ተዳፋት ላይ ይገኛሉ። አደጋው ያለው እነዚህ አንዱ ሌላውን እንዲደግፍ ሳይሆን እንዲተካ ተደርገው ሲታቀዱ ነው። እንሰትን ያስወጣ ድንች፣ ወንዝን ያደረቀ ሙዝ፣ የነገን ሙቀት ያልቆጠረ አፕል ለጥቂት ዓመታት የተሳካ ይመስሉና ቀጣዩ ክፉ ወቅት ሲመጣ ቤተሰቡን ያለ መጠባበቂያ ይተዉታል። ስለዚህ ለማንኛውም አዲስ ዝርያ፣ መሣሪያ ወይም ቦይ ሊቀርብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ያህል ምርት ይጨምራል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ያልተሳካ ዕለት ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው።